ለልጃቸው ሲሉ ከችሎት የተነሱ ዳኛ

ልጄ፣ ሥራ ማግኘትህን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ። አባትህ ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ኩራቱ በድምፁ ያስታውቅ ነበር። ይኩራ፣ ይገባዋል። እኔ ግን ከደስታው ጋር ትንሽ ሐሳብም ገብቶኛል። አንተ የምትገባበት ክፍል የሚያዘጋጀው ወረቀት ዞሮ ዞሮ አባትህ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። አንተ ታቀርባለህ፣ እሱ ይወስናል። በደስታው መሀል ይህን ነገር ልብ ያላችሁት አልመሰለኝም። ልብ ብላችሁትም ከሆነ፣ “እኛ ንጹሕ ነን፣ ምን ችግር አለው?” ብላችሁ ያለፋችሁት ይመስለኛል። ንጹሕ መሆናችሁን አልጠራጠርም። የምመክርህም ለዚህ ነው። ለሌባ ቢሆንማ ምክር ምን ያደርግለታል!

እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ። አልቆጣህም። የአንድ አሜሪካዊ አባትና ልጅ ነገር ላጫውትህ ነው። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ።

በዚያ አገር አባትና ልጅ መንግሥትን ማገልገላቸው አዲስ ነገር አይደለም። ጆን አዳምስ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ልጃቸው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ስድስተኛው ሆኑ። የቡሾቹን አንተም ታውቃቸዋለህ። እነዚህ ግን ከወንበሩ ላይ አንዱ ከተነሳ ከዓመታት በኋላ ነው ሌላው የተቀመጠው። እኔ የምነግርህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ከተማ፣ እርስ በርስ በሚተያዩ ወንበሮች ላይ ሊቀመጡ ስለነበሩት ነው።

አባትየው ቶም ክላርክ ይባላሉ። በ1899 ዳላስ፣ ቴክሳስ ተወለዱ። የእሳቸውም አባት ጠበቃ ነበሩ። በ1937 የፍትሕ ሚኒስቴር ገቡና ደረጃ በደረጃ ወጡ። በ1945 ፕሬዚዳንት ትሩማን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አደረጓቸው፤ በ1949 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ። በዚያ ፍርድ ቤት ያሉት ዳኞች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ሹመታቸው ዕድሜ ልክ ነው። ከባድ ጥፋት ካልተገኘባቸው በቀር ማንም አያስነሳቸውም። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ወንበር አለ?

ልጅየው ራምዚ ክላርክ ነው። በ1927 ተወለደ። አባቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሆኑበት በ1945፣ እሱ ገና በ17 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ማሪን ተብሎ በሚጠራው ጦር ውስጥ ገባ። እንደ ማንም ልጅ። ከዚያ ቴክሳስ ተማረ፣ ሕጉን ቺካጎ ጨረሰ፣ ዳላስ ተመልሶ አሥር ዓመት ያህል በጥብቅና ሠራ። በ1961 የኬኔዲ መንግሥት ሲመጣ አባቱ ይሠሩበት ወደነበረው የፍትሕ ሚኒስቴር ገባ፤ የመንግሥት መሬት ጉዳዮችን የሚከታተለው ክፍል ኃላፊ ሆኖ። በ1965 ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ማንም ብዙ አልተናገረም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። በመጋቢት 1965 ጥቁሮች የመምረጥ መብት ይገባናል ብለው ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ ሲሄዱ፣ ያን 87 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰላም እንዲጨርሱ የፌዴራሉን ጥበቃ ያስተባብር የነበረው ራምዚ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን የመራጮች መብት ሕግ ሲያረቅቁ ከነበሩትም አንዱ እሱ ነው። አባትየው ደግሞ በታኅሣሥ 1964 ትልቅ ፍርድ ጽፈዋል። አትላንታ ውስጥ 216 ክፍል ያለው አንድ ሞቴል ነበር። ባለቤቱ ጥቁር እንግዳ አላሳድርም፣ የምክር ቤቱ አዲስ ሕግም አያስገድደኝም ብሎ ተከራከረ። ዘጠኙም ዳኞች ተሳስተሃል አሉት። ፍርዱን በፍርድ ቤቱ ስም የጻፉት ቶም ክላርክ ናቸው። ታዲያ ይህን ስታይ አባትና ልጅ በየፊናቸው ለአንድ መልካም ነገር ሲሠሩ ምን ክፋት አለው ትል ይሆናል። እኔም እንዳንተ ወጣት ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ነገሩ የመጣው በ1966 መጨረሻ ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኒኮላስ ካትዘንባክ ወደ ውጭ ጉዳይ ተዛወሩና ራምዚ ተጠባባቂ ሆነ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሹመቱን ሊያጸኑለት አሰቡ። በጥር 1967 ስልክ ደውለው አነጋገሩት። ጆንሰን የስልክ ንግግራቸውን ያስቀዱ ስለነበር ወሬው ለእኛም ደረሰ። ምን አሉት መሰለህ? አንተ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሆንክ አባትህ ከፍርድ ቤቱ መውጣት ይኖርባቸዋል አሉት። ምክንያታቸው የሕግ አንቀጽ አልነበረም። በአገሩ ያለ ታክሲ ነጂ ሁሉ፣ ሽማግሌው አባት ልጁ የላከለትን ነገር በትክክል ሊፈርድ አይችልም ይለኛል ነው ያሉት።

ልጄ፣ ይህን ታክሲ ነጂ ያዝልኝ። ጆንሰን ብልህ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ብዙዎች እንደሚሉት የዳኛው ወንበር እንዲለቀቅላቸው የራሳቸው ፍላጎትም ነበራቸው። ወደዚያ እመለሳለሁ። ፍላጎታቸው ምንም ይሁን ምን፣ የተናገሩት እውነት ነው። ሕግ ተማሪው፣ ፕሮፌሰሩ፣ ጋዜጠኛው ቶም ክላርክን ያውቋቸው ነበር። ሚዛናዊ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው ስለሆነ ብለው አያደሉም ሊሉ ይችላሉ። ታክሲ ነጂው ግን አያውቃቸውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባት ናቸው። አባትነትን ደግሞ ከራሱ ቤት ያውቀዋል።

የዚያን አገር አሠራር ትንሽ ላስረዳህ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የመንግሥት ጠበቆች ሁሉ አለቃ ነው። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚመጣው መዝገብ ውስጥ እጅግ ብዙው መንግሥት ከሳሽ ወይም ተከሳሽ የሆነበት ነው። ስለዚህ ራምዚ ሲሾም፣ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል፣ የልጁ ሠራተኞች አባትየው ፊት ቆመው ሊከራከሩ ነው። “ታዲያ የመንግሥት ጉዳይ ሲመጣ ብቻ ከችሎት ይነሱ” ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በዚያ ፍርድ ቤት የተነሳን ዳኛ የሚተካ ሌላ ዳኛ የለም። ዘጠኙ ስምንት ሆነው ይቀራሉ። አራት ለአራት ከተከፈሉ ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንዳለ ይጸናል፤ ባለጉዳዩ እዚያ ድረስ ደክሞ መጥቶ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል። አልፎ አልፎ መነሳት ያለ ነው። ግማሽ ሥራውን ትቶ ወንበሩን ይዞ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ወንበሩን ለራስ ማስቀመጥ ነው፤ ለሕዝብ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? የዚያን ጊዜው ሕግ ዳኛው ከባለጉዳዩ ወይም ከጠበቃው ጋር ዝምድና ካለው መነሳት እንዳለበት ይናገራል፤ ግን መነሳቱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ለዳኛው ለራሱ ሐሳብ ይተወው ነበር። ሕጉ የጠበቀው በኋላ፣ በ1974 ነው። እንግዲህ ቶም ክላርክ “በእኔ ሐሳብ ምንም ችግር የለውም” ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ማንም። ዕድሜያቸው 67 ነው። ጤናቸው ደህና ነው። ብዙ ዓመት ሊሠሩ ይችሉ ነበር።

በየካቲት 28፣ 1967 ጆንሰን ራምዚን ማጨታቸውን ይፋ አደረጉ። አባትየውም ወዲያው፣ የዓመቱ የፍርድ ዘመን ሲያልቅ ጡረታ እንደሚወጡ አስታወቁ። ማንም በወረቀት አልጠየቃቸውም። ማንም አቤቱታ አላስገባባቸውም። “ዳኛው ይነሳልኝ” የሚል ባለጉዳይ ሳይመጣ ነው የተነሱት።

ስለ ዋጋው ግን ሳልዋሽ ልንገርህ። ደመወዛቸው አልቀረባቸውም፤ በዚያ ዕድሜና አገልግሎት ጡረታ የሚወጣ ዳኛ ደሞዙን እንደያዘ ነው የሚወጣው። የለቀቁት ሥልጣኑን ነው። እሱን መልቀቅ ከገንዘብ የሚከብድበት ሰው ብዙ ነው። እኛም ዘንድ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚሉ አሉ። ይህን ተረት አንተ ፊት መጥራቴም ያሳፍረኛል። ግን በሠርጉም በለቅሶውም ቤት ስለምትሰማው፣ ከእኔም ስማውና እዚህ ጋ ተወው። እኚህ ሰው በልተው አልጠገቡም፣ ተርበውም አልተነሱም። የልጃቸው ሥራ ከእሳቸው ወንበር ጋር አብሮ እንደማይሄድ አይተው ነው የተነሱት።

ሰኔ 12፣ 1967 በፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። በዚያው ቀን ፍርድ ቤቱ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች ሁሉም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሻሩ። በማግስቱ ጆንሰን የተለቀቀውን ወንበር ለተርጉድ ማርሻል ሰጡ። ማርሻል ማን እንደነበሩ ታውቃለህ። ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ በ1954 ተከራክረው ያሸነፉት ጠበቃ ናቸው። ምክር ቤቱ በ69 ለ11 ድምፅ አጸደቀላቸው፤ በዚያ ፍርድ ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ፣ እስከ 1991ም አገለገሉ። የጆንሰን የራሳቸው ፍላጎት ነበር ያልኩህ ይህ ነው። አባትየው ይህን ያስቡ አያስቡ እኔ ልናገርላቸው አልችልም። የሆነውን ግን ታያለህ። አንድ አባት ለልጁ ብሎ ሲነሳ፣ ያ ቦታ የማንም ዘመድ ላልሆነ ለሌላ ሰው ተከፈተ።

አሁን ወደ ታክሲ ነጂው ልመልስህ። ለምን ያን ያህል እንደተጨነቅሁለት ትረዳለህ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1968፣ ዴቪድ ኦብራየን የሚባል ወጣት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ቦስተን ውስጥ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ የቬትናምን ጦርነት ተቃውሞ የውትድርና ምዝገባ ካርዱን ያቃጠለ ልጅ ነው። ተከራካሪው መንግሥት ነው። የመንግሥት ጠበቆች አለቃ ራምዚ ክላርክ ነው። ፍርድ ቤቱ በ7 ለ1 ለመንግሥት ፈረደ። ኦብራየን ተረታ።

እስቲ የዚያን ልጅ ወገኖች አስብ። ጎረቤቱን አስብ፣ አብረውት የተማሩትን አስብ። ፍርዱ አልጣማቸውም። ምናልባት እስከ ዛሬም አልጣማቸውም። ግን አንድ ነገር ማለት አይችሉም፤ “ምን ይደረግ፣ የከሳሹ አባት ነው የፈረደብን” ማለት አይችሉም። ያ አባት ወንበሩ ላይ የለም። ቶም ክላርክ እዚያ ቢቀመጡ ኖሮ፣ ፍርዳቸው የቱንም ያህል ቀና ቢሆን፣ ይህ ቃል ከነዚያ ሰዎች አፍ አይጠፋም ነበር። ለኦብራየን ቢፈርዱም አያመልጡም፤ “አድልዎ እንዳይመስልባቸው ነው” ይባላል። ወዲያም ወዲህም ሐሜት ነው። እህል ሰፋሪው የነጋዴው አባት ከሆነ፣ ገዢው ቁናውን አያይም፤ የሰፋሪውን እጅ ነው የሚያየው። ልኩ ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎደለብኝ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ልጄ፣ ሰው መረታትን ይችለዋል። የማይችለው ከቤት ተነጋግረው መጡብኝ ብሎ ማሰብን ነው። ይህን አስብልኝ። ደግሜ እልሃለሁ፣ ይህን አስብልኝ።

አሁን ስለ ልጅየው ልንገርህ፣ የአንተ ነገር ከእሱ ይቀርባልና። ራምዚ በአባቱ ወንበር ተቀምጦ የአባቱን ሥራ አልደገመም። አባትየው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ፣ በ1947፣ ለመንግሥት ታማኝ አይደሉም የተባሉ ማኅበሮችን ስም ዝርዝር አውጥተው ነበር። በኮሚኒስት ፍራቻ ዘመን በዚያ ዝርዝር ምክንያት ብዙ ሰው ሥራውን አጥቷል፣ ስሙ ጠፍቷል። ልጅየው በዚያው ወንበር ሲቀመጥ የሰውን ስልክ መጥለፍን የሚጠላ ሆነ። በ1968 ምክር ቤቱ በወንጀል ምርመራ ስልክ መጥለፍን የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣለት እንኳ አልጠቀምበትም አለ። ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የሞት ቅጣት ይቅር አለ። ለዚህም ብዙ ስድብ ጠጥቷል። ሪቻርድ ኒክሰን በ1968 ለምርጫ ሲወዳደሩ፣ ፓርቲያቸው ፊት ቆመው እኔ ከተመረጥኩ አዲስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይኖራችኋል ብለው ነው ጭብጨባ ያገኙበት።

አየህ፣ ልጁ ከአባቱ ተለየ። ግን አባቱን አላዋረደም። አባትየውም ራሳቸው ባሉበት የቆሙ ሰው አልነበሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1942፣ ከምዕራብ ዳርቻ ከ100,000 በላይ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው ሲታጎሩ፣ ቶም ክላርክ በሥራው ውስጥ ነበሩበት። በኋላ ስህተት ነበር ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በ1961 ደግሞ ፖሊስ ያለ ሕግ ቤት በርብሮ ባገኘው ማስረጃ በየትኛውም ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ሰው አይፈረድበትም የሚለውን ፍርድ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው እንዲህ ሲጽፍ ቀላል አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅየው ከአባቱ የወረሰው አቋም አይደለም፤ ሐሳብን መለወጥ ነውር አለመሆኑን ነው። ካንተም የምፈልገው ይህንኑ ነው። አባትህን አክብረው። ጉልበቱን ሳም። የእሱን ፊርማ ግን አትኮርጅ።

የራምዚን ነገር ሁሉ አጽድቄ አልነግርህም። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1972 በጦርነቱ መሀል ሃኖይ ሄደ፤ ለምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በእርጅናው ዘመን ለሳዳም ሁሴን ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ማንኛውም ሰው ጠበቃ ይገባዋል ለማለት ነው ይላሉ የሚወዱት። እኔ አንዳንዱን አላበዛውም ወይ እላለሁ። ግን ልብ በል፤ ሲያመሰግኑትም ሲሰድቡትም ራሱን ነው ያመሰገኑትና የሰደቡት። “የአባቱ ጥላ ባይኖር” ያለው ሰው አልሰማሁም። ይህን ነጻነት ያገኘው አባቱ መንገዱን ስለለቀቁለት ነው። አንተም አንድ ቀን ትሳሳታለህ። የምትሳሳተው የራስህን ስህተት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። ቅር እንዳይልህ።

የሚያስፈራኝ ትልቁ ሙስና አይደለም። ጉቦ አትበላም፣ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ትንሹ ነገር ነው። እሁድ ምሳ ላይ፣ እንጀራው ቀርቦ፣ አባትህ “ያ ፋይል እንዴት ሆነ?” ይልሃል። ሳታስበው ትመልስለታለህ። ምንም ክፉ አላሰባችሁም፤ አባትና ልጅ ናችሁ፣ ስለ ሥራ ታወራላችሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ያ ባለጉዳይ የማያውቀው ነገር ተወስኗል። ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ የሩቅ ዘመድ ያገኝሃል። ትከሻህን ይስምሃል። “ልጄ፣ ለአባትህ አንዲት ነገር ብቻ ጣል አድርግልኝ” ይልሃል። ደግ ሰው ነው፣ ስታድግ ያየህ ነው። እምቢ ማለት ነውር ይመስልሃል። አንዴ ጣል ካደረግህ ግን ሁለተኛው ይመጣል። ሦስተኛው ወረቀት ይዞ ይመጣል። አንድ ዓመት ሳይሞላህ የመንግሥት ሠራተኛነትህ ቀርቶ የአባትህ ደጃፍ ትሆናለህ። “አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ” የሚለው የአባቶቻችን ነገር ስለ ሌብነት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልማድ አድርገው። ምሳ ላይ ስለ ፋይል አይወራ። አባትህ ከጀመረው “አባዬ፣ እሱን ተወው” በለው፤ በትሕትና። መጀመሪያ ይከፋዋል፣ በኋላ ይኮራብሃል። ለአማላጁም ፊት አታጥቁርበት፤ “የሚያስፈልግዎት መስኮት የትኛው እንደሆነ ላሳይዎት እችላለሁ፣ ለአባቴ ግን አልነግርም” በለው። ይህን ብትለው እንኳ ወደፊት ያከብርሃል። ባያከብርህም ግድ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ። በዚያው በ1967፣ በታኅሣሥ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሹማምንት ዘመዳቸውን በሚያዙበት መሥሪያ ቤት እንዳይቀጥሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ወንድማቸውን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርገው ነበርና ሰው ሁሉ ያ ትዝ ይለው ነበር። ይህ ሕግ ግን የክላርኮችን ጉዳይ አይነካውም፤ ራምዚን የሾሙት ጆንሰን እንጂ አባቱ አይደሉም። ሕግ ሁሉን አይሸፍንም፣ ልጄ። የአንተንም ጉዳይ ምናልባት የሚከለክል ደንብ ላይኖር ይችላል። “ደንቡ ይፈቅዳል” የሚለው መልስ ለአለቃህ ይበቃ ይሆናል። ለታክሲ ነጂው አይበቃውም።

አባትየው ከተነሱ በኋላ ቤት አልዋሉም። ዳኛ ሲጎድል በየከተማው እየተጠሩ በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ሁሉ እየተዘዋወሩ ሲፈርዱ ኖሩ። የፍርድ ቤቶችን አሠራር የሚያጠና አዲስ ማእከልም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። ይህን የምነግርህ አባትህ መነሳትን ከሥራ ማቆም ጋር እንዳያመሳስለው ነው። ወይም አንተ እንዳታመሳስለው። ከሁለታችሁ አንዱ ዞር ቢል ማንም አይሞትም። ልጄ፣ ዕድሜህ ገና ነው፤ ዞር የምትለው አንተ ብትሆን ሌላ ክፍል አለ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ቶም ክላርክ በሰኔ 1977 ያረፉት ኒው ዮርክ፣ በልጃቸው በራምዚ ቤት ነው።

እንግዲህ ሥራ ሳትጀምር ይህን አድርግልኝ። ዛሬ ማታ አባትህ ዘንድ ሂድ። ይህን ያልኩህን ሁሉ ንገረው፤ እኔ ነኝ ያልኩህ በለው፣ ቢቆጣም በእኔ ላይ ይቆጣ። ከዚያ ሁለታችሁም ተመካክራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። አንተ የምትነካቸው የትኞቹ ፋይሎች እሱ ዘንድ እንደማይደርሱ፣ የሚደርሱትን ማን እንደሚያይለት፣ ወይም ከሁለታችሁ ማን ወደ የት እንደሚዛወር። አንዱን ቅጂ ለአለቃህ ስጥ፣ አንዱን ለአባትህ አለቃ። ማንም ሳይጠይቃችሁ ስጡ። ከተጠየቃችሁ በኋላ የምትሰጡት ወረቀት መልስ ነው የሚባለው፤ ያን ጊዜ ማንም አያምናችሁም።